ሰዓት ያልተመደበለት ዕቅድ፦ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በራስ የሚመራ የሙያ ማሻሻያ

መግቢያ

አንድ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በካታሎጉ መፈለጊያ ላይ «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ጻፈ እንበል። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳላገኘ ይነግረዋል። ተማሪው ወደ መጽሐፍ ማዋሻው ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ሠራተኛዋም ያንኑ ስም ደግማ ጽፋ «የለም» ትለዋለች። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን መደርደሪያው ላይ አለ። መዝገቡ የተጻፈው «ሐዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ሌላ ሠራተኛ ተረኛ ሆና ፊደሉን እየለዋወጠች ብትሞክር ኖሮ ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ይወጣ ነበር።

በሁለቱ ሠራተኞች መካከል የትምህርት ደረጃ ልዩነት ላይኖር ይችላል። ሁለተኛዋ ይህን ዘዴ ያገኘችው ደጋግማ ተሳስታ፣ የተሳሳተችበትን ምክንያት አስተውላና መውጫውን ፈልጋ ነው። በራሷ ተምራለች ማለት ነው። የተማረችውን ግን የጻፈው የለም። በሌላ ፈረቃ የምትሠራው ባልደረባዋ አታውቀውም፤ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረች ዕለትም ዕውቀቱ አብሯት ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የሚከተለው ነው። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍቶቻችን የሠራተኞቻቸውን የሙያ ማሻሻያ ሲያቅዱ መነሻቸው ከሥራ ጠረጴዛ የሚነሣው ጥያቄ ሊሆን ይገባል። ዕቅዱም የእውነት ዕቅድ የሚሆነው በመደበኛው የሥራ ሰዓት ውስጥ ጊዜ ሲመደብለት ነው። ሰዓት ያልተመደበለት «በራስ የሚመራ» ትምህርት ኃላፊነትን ከተቋሙ ትከሻ አንሥቶ በሠራተኛው ላይ ከመጫን የተለየ ትርጉም አይኖረውም።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

የጎልማሶች ትምህርት ተመራማሪ የነበረው ማልኮም ኖልስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ በራስ የሚመራ ትምህርትን እንደ ሂደት ይገልጸዋል። ተማሪው ራሱ ተነሣሥቶ የሚጎድለውን ዕውቀት ይለያል፣ ግብ ያስቀምጣል፣ ምንጭ ይፈልጋል፣ የአጠናን ስልት ይመርጣል፣ በመጨረሻም ውጤቱን ይመዝናል። ኖልስ ይህ ሁሉ በሌሎች እገዛም ሆነ ያለ እገዛ ሊከናወን እንደሚችል ያስገነዝባል። በዚሁ መጽሐፍ ያቀረበው «የትምህርት ውል» የተባለው ዘዴም ሁለት ወገኖችን የሚጠይቅ ነው፤ ውል ብቻውን የሚዋዋል ሰው የለምና።

ከእርሱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ካናዳዊው አለን ታፍ ጎልማሶች በዕለት ኑሯቸው የሚያካሂዷቸውን «የትምህርት ፕሮጀክቶች» አጥንቶ ነበር። ታፍ አንድን ጥረት እንደ ፕሮጀክት የቆጠረው ቢያንስ 7 ሰዓት ሲፈጅ ነው። ካጠናቸው ፕሮጀክቶች አብዛኞቹን ያቀዱት ተማሪዎቹ ራሳቸው እንደነበሩም አሳይቷል። ከዚህ የምንረዳው ሠራተኛ አሁንም በራሱ እየተማረ መሆኑን ነው። ዕቅድ የሚያስፈልገው ያ ትምህርት በአንድ ሰው ጭንቅላት ታጥሮ እንዳይቀርና ለአንባቢው አገልግሎት እንዲውል ነው።

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ ኃላፊነቱን ለግለሰቡ ብቻ አልሰጠም። ሠራተኛው፣ ቀጣሪው፣ የሙያ ማኅበራትና የሙያው ትምህርት ቤቶች ድርሻ ድርሻቸውን እንዲወስዱ ይጠይቃል። ከሥራ ሰዓት ቢያንስ 10 በመቶው ለትምህርት፣ ከተቋሙ በጀትም ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆነው ለሠራተኞች ማሻሻያ እንዲውል ይመክራል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ሳምንታዊ የሥራ ሰዓት 39 ነው። 10 በመቶው አራት ሰዓት ያህል ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ከዚያ ግማሹን ነው።

ሥልጠና የማይደርስባቸው ጥያቄዎች

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስና አንድ መጽሐፍ ብቻ ስንት ጥያቄ እንደሚያስነሣ እንመልከት።

የመጀመሪያው የፊደል ጥያቄ ነው። ዛሬ በአማርኛ «ሐ» ከ«ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» እና «ኃ» ጋር በድምፅ አይለይም፤ «ዓ» ደግሞ ከ«አ»፣ «ኣ» እና «ዐ» ጋር አንድ ሆኗል። የደራሲውን ስም በነዚህ ሁለት ፊደላት ብቻ እየለዋወጥን ብንጽፈው 24 ዓይነት አጻጻፍ እናገኛለን። ለኮምፒውተሩ እነዚህ 24 የተለያዩ ስሞች ናቸው።

ሁለተኛው የስም ቅደም ተከተል ነው። በአውሮፓ ልማድ የቤተሰብ ስም ቀድሞ ይመዘገባል። የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ያም ሆኖ አንዱ መዝጋቢ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ»፣ ሌላው «ሐዲስ ዓለማየሁ» እያለ ሲመዘግብ የአንድ ደራሲ ሥራዎች በሁለት ሰዎች ስም ተከፍለው ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 1965 ወይም 1966 ማለት ነው። መዝጋቢው ከርእስ ገጹ ያነበበውን 1958 ያለ ምንም ማብራሪያ ካስገባና ከጎኑ በጎርጎርዮሳዊው የተመዘገቡ መጻሕፍት ካሉ፣ በኅትመት ዓመት የሚፈልግ ተመራማሪ ቢያንስ በሰባት ዓመት ይሳሳታል። አራተኛው የምደባ ጉዳይ ነው። በዲዊ ሥርዓት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መለያ ቁጥር 892.87 ነው። ብዙ የአማርኛ ልብ ወለድ ባለበት ቤተ መጻሕፍት በዚህ አንድ ቁጥር ሥር የተከማቹት መጻሕፍት በምን እንደሚለዩ የሚወስነው ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ናቸው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ላይ የዋለው ኮሃ ክፍት ሶፍትዌር በመሆኑ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ማስተካከል ይቻላል። የስም ልዩነቶች በባለሥልጣን መዝገብ ውስጥ ተሰብስበው ወደ አንድ የጸና ስም ሊመሩ ይችላሉ። ዓመቱም ከርእስ ገጹ እንዳለ ተገልብጦ አቻው በቅንፍ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ኮሃ የተወለደው በኒው ዚላንድ ነው፤ ማኑዋሉን የጻፉት ሰዎች «ሐ» እና «ኀ» አላስጨነቋቸውም። የውጭ አሠልጣኝ ቢመጣም ስለነዚህ ጉዳዮች የሚያውቀው እኛ ስንነግረው ነው። ጥያቄው የእኛ ከሆነ የትምህርቱም አቃጅ ከጥያቄው ጋር የሚውለው ሠራተኛ ሊሆን ይገባል።

አሁን ያለው ልማድ

በተለመደው አሠራር «የአቅም ግንባታ» ማለት ሥልጠና ነው፤ ሥልጠና ማለትም ደብዳቤ፣ አዳራሽ፣ አበልና የምስክር ወረቀት ነው። ደብዳቤው ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይሂድ?» የሚለው ነው። «ምን ተምሮ ይምጣ?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይዘለላል። አበሉ ከደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ስላልሆነ ምርጫው የተራና የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ሠራተኞችን መውቀስ አይገባም። ኑሮ የከበደበት ሰው አበልን ቢመለከት የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ሥልጠና የገቢ ማካካሻ ሲሆን የትምህርትነቱ ነገር ይደበዝዛል።

ይህ ጸሐፊ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በአንድ ቤተ መጻሕፍት በማታ ፈረቃ ሠርቷል። በዚያ ጊዜ የደረሰው ሥልጠና አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም መሠረታዊ ነገሮች የሚያስተምር ነበር። በየምሽቱ የሚያጋጥመው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ከግቢ ውጭ ሆነው የምርምር መጽሔቶችን እንዴት ማግኘት እንደሚችሉ ይጠይቁት ነበር። ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ አማካይነት በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነፃ ከሚያገኙ አገሮች አንዷ ናት። መልሱ በእጃችን ነበር፤ ሥልጠናው ግን ወደዚያ አልደረሰም። ወደ ሥልጠና የሚላኩትም በአብዛኛው የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ማታ አንባቢው ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት፣ የሚጠየቅ አለቃም የሌለ በመሆኑ ዕውቀቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚያ ሰዓት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ውጤቶች በዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ሲጠይቅ ሌላ ሥራ ጨምሯል። የመመረቂያ ጽሑፎችን መቀበል፣ በትክክል መግለጽ፣ የቅጂ መብትን ጉዳይ ለተማሪው ማስረዳት ትናንት በሥራ መዘርዝሩ ላይ ያልነበሩ ተግባራት ናቸው። ሥራው እንዲህ በየጊዜው የሚለወጥ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ደብዳቤ ሊከተለው አይችልም።

ከሌሎች ልምድ ምን እንማራለን?

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የቻርሎትና የሜክለንበርግ ወረዳ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ሠራተኞቹ በወቅቱ አዲስ የነበሩትን የድረ ገጽ አገልግሎቶች እንዲያውቁ ፈለገ። ሄለን ብላወርስ የነደፈችው መርሐ ግብር «23 ነገሮች» በመባል ታወቀ። ሠራተኞች በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ 23 ትንንሽ ተግባራትን በራሳቸው ፍጥነት ያከናውናሉ፤ የተማሩትንም በግል ገጻቸው ይጽፋሉ። ለጨረሱትም አነስተኛ የሙዚቃ ማጫወቻ በሽልማት ይሰጣቸው ነበር። መርሐ ግብሩ ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው በክፍት ፈቃድ ስለተለቀቀ በብዙ አገሮች የሚገኙ ቤተ መጻሕፍት በየራሳቸው ሁኔታ አዘጋጅተው ተጠቀሙበት።

በዚያ ዝርዝር የነበሩ ብዙ አገልግሎቶች ዛሬ ተረስተዋል። ዘዴው ግን አልሞተም። ዘዴውን ያቆዩት አራት ነገሮች ናቸው፦ ተግባሩ ትንሽና ግልጽ መሆኑ፣ የማብቂያ ቀን ያለው መሆኑ፣ የተማሩት ነገር ለባልደረባ በሚታይ ቦታ መጻፉና ተቋሙ ጉዳዩን የራሱ ማድረጉ ናቸው። በአንጻሩ ዝርዝሩን ከላይ ያዘጋጀው ተቋሙ ነው። እኛ ብንወስደው ዝርዝሩን ከታች፣ ከአንባቢው ጥያቄ ማውጣት ይኖርብናል።

ማስጠንቀቂያ የሚሆነን ልምድ ደግሞ በቅርባችን አለ። የአገራችን መምህራን «ተሙማ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቅ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር አላቸው። መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት እንዲሳተፍና ያከናወነውን በማህደረ ተግባር እንዲያስቀምጥ ይጠበቃል። የሰዓቱ መወሰን ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችም የሚያስቀና ነው። ይሁንና በትምህርት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ማህደሩ ራሱ ግብ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቅጹ ይሞላል፣ ፊርማው ይፈረማል፣ የክፍሉ ማስተማር ግን እንደነበረ ይቀጥላል። የቤተ መጻሕፍት ዕቅድም ማስረጃው ወረቀት ብቻ ከሆነ ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

አንድ ገጽ የሚበቃው ዕቅድ

የሚከተለው ሐሳብ ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ በአንድ የበጀት ዓመት ሊሞከር የሚችል ነው።

በመጀመሪያ በየአገልግሎት ጠረጴዛው አንድ ደብተር ይቀመጥ። ሠራተኛው መመለስ ያልቻለውን ወይም የተጠራጠረበትን ጥያቄ ቀኑን ጠቅሶ በአንድ መስመር ይጻፍ። የጠያቂውም ሆነ የሠራተኛው ስም አይጻፍ፤ ደብተሩ የስሕተት መቆጣጠሪያ መስሎ ከታየ ባዶውን ይቀራል። በወሩ መጨረሻ የክፍሉ ሠራተኞች ተሰብስበው የተደጋገሙትን ጥያቄዎች ይለዩ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለስድስት ወር አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጥ። ዕቅዱ በአንድ ገጽ አምስት ነገሮችን ይያዝ፦ ጥያቄው፣ በመጨረሻ የሚታየው ውጤት፣ የመማሪያ ምንጮች፣ ሲቸገር የሚጠይቀው ሰውና የተመደበለት ሰዓት። ከሠራተኛው ጋር የቅርብ ኃላፊውም ይፈርምበት። ሠራተኛው ለትምህርቱ፣ ኃላፊው ለሰዓቱ ቃል ይገባሉ።

ለምሳሌ አንዲት የካታሎግ ሠራተኛ «አንባቢዎች የኢትዮጵያውያን ደራስያንን ስም ሲፈልጉ ለምን ያጣሉ?» የሚለውን ጥያቄ ትመርጣለች። ውጤቱ በብዛት የሚዋሱ 100 የአማርኛ ደራስያን የጸና ስም ዝርዝር ነው፤ በእያንዳንዱ ሥር የተለያዩት አጻጻፎች፣ የተገለበጠው ስምና በላቲን ፊደል የተጻፈው ይዘረዘራሉ። ምንጮቿ የኮሃ ማኑዋል፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚያቀርባቸው የካታሎግ መማሪያዎችና የቤተ መጻሕፍቱ የራሱ መዝገብ ይሆናሉ። የምትጠይቀው ሰው የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሰጣት ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት 26 ሳምንታት 52 ሰዓት ይሆናል። በዓላትና የፈተና ጥድፊያ ቢቀነሱ እንኳ 40 ሰዓት ይተርፋል። ይህ ታፍ እንደ ፕሮጀክት ከቆጠረው ዝቅተኛ መጠን ከአምስት እጥፍ በላይ ነው።

በመጨረሻም ማስረጃው ለቀጣዩ ሠራተኛ የሚጠቅም ሥራ ይሁን። እርሱም የተስተካከለ መዝገብ ወይም በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ መመሪያ ሊሆን ይችላል። ከላይ የተጠቀሱት ነፃ ምንጮች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው ለብዙ የማዋሻና የመደርደሪያ ሠራተኞች ሩቅ ናቸው። አንዷ አንብባ በአማርኛ ስትጽፈው ትምህርቱ ለሌሎችም ይደርሳል። በየስድስት ወሩ በሚደረገው የሥራ አፈጻጸም ምዘናም ይህ ውጤት እንደ ሥራ ይቆጠር።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሰው ኃይል እጥረት ነው። ጠረጴዛውን የሚሸፍን ሰው በሌለበት ሁለት ሰዓት ከየት ይመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የአንባቢ ፍሰት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ በሴሚስተር መግቢያና በእረፍት ጊዜ የሚቀዘቅዝባቸው ሰዓታት አሉ። የፈረቃ ሠሌዳው ሲዘጋጅ ሰዓቱ በስም ካልተጻፈ ግን በባዶ ሰዓትም ቢሆን ማንም አይማርም። ለማታ ሠራተኞችም ሰዓቱ ከፈረቃቸው ላይ መቀነስ አለበት፤ «ቀን መጥታችሁ ተማሩ» ማለት ከእረፍታቸው መውሰድ ነው። ይህ በተለይ ከሥራ በኋላ የቤት ኃላፊነት የሚጠብቃቸውን ሴት ሠራተኞች ይጎዳል።

ሁለተኛው «የተማረው ትቶን ይሄዳል» የሚለው ነው። ይሄድ ይሆናል። የጻፈው መመሪያና ያስተካከለው መዝገብ ግን ይቀራል። ከሥልጠና የምስክር ወረቀት ይዞ የሚሄድ ሠራተኛ ይህን አይተውም።

ሦስተኛው የጥራት ጥያቄ ነው፤ በራሱ የተማረ ሰው ስሕተትንም አጥብቆ ሊማር ይችላል። በዚህ ላይ ድንበር ማበጀት ያስፈልጋል። የብራና መጽሐፍ ጥገና ከቪዲዮ ተመልክቶ የሚሞከር አይደለም፤ ልምድ ባለው ባለሙያ እጅ ሥር መማርን ይጠይቃል። የኮሃን የፊደል ደንብ መለወጥም መጀመሪያ በሙከራ ቅጂ ላይ እንጂ አንባቢ በሚጠቀምበት መዝገብ ላይ ሊደረግ አይገባም። መደበኛ ሥልጠናም ቦታው ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲው አነስተኛ የሥልጠና በጀት በራስ ሊጠኑ በማይችሉ ሙያዎች ላይ ቢውል ገንዘቡም አበሉም ይበልጥ ፍሬ ይሰጣሉ።

ማጠቃለያ

ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ከዚህ የሚወጣ የቤት ሥራ አለ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን የሥልጠና ፍላጎት የምናጠናው በአብዛኛው መጠይቅ በትነን ነው። «ሥልጠና ያስፈልግዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «አዎን» ይላል፤ ከዚያ መልስ የምናገኘው ዕውቀት ጥቂት ነው። የጥያቄ ደብተሮቹ ለስድስት ወር ቢሞሉ ግን አንባቢው ምን እንደጠየቀና ሠራተኛው በየት በኩል እንደተቸገረ የሚያሳይ የምርምር ምንጭ ይሆናሉ። የሁለት ሰዓቱ ሙከራ የተደረገባቸውንና ያልተደረገባቸውን ክፍሎች ማነጻጸርም ለማስተርስ ጥናት የሚመጥን ርእስ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች የበጀት ዓመቱን የሥራ ዕቅድ ሲያዘጋጁ «የሠራተኞችን አቅም ማሳደግ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንደ ልማዳቸው መጻፋቸው አይቀርም። ከዐረፍተ ነገሩ ሥር የሠራተኛው ስም፣ የመረጠው ጥያቄ፣ ቀኑና ሁለቱ ሰዓታት በፈረቃ ሠሌዳው ላይ ይጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ የሚፈልገው ተማሪ መጽሐፉን ማግኘት አለማግኘቱ የዕቅዱ መመዘኛ ይሁን።